በሊኑክስ ተርሚናል የአማርኛ ጽሑፍ በሳጥን ሲተካ ፎንትን ስለማስተካከል

በሊኑክስ የሚሠራ ኮምፒውተር የሚጠቀሙ ተገልጋዮች ለአገልግሎት ያዘጋጁትን የአማርኛ የጽሑፍ ፋይል በተርሚናል መስኮት ሲከፍቱ፣ በፊደላቱ ምትክ ባዶ ሳጥኖች ተደርድረው ሊያገኙ ይችላሉ። ይህ ሲያጋጥም ፋይሉ ተበላሽቷል በሚል ግምት መሰረዝ ወይም ስምን እንደገና መጻፍ አይገባም። በዩኒኮድ የተጻፈ ጽሑፍ እያንዳንዱን ፊደል በራሱ መለያ ቁጥር ይይዛል። በመሆኑም ሳጥኑ በአብዛኛው የሚያመለክተው ኮምፒውተሩ ፊደሉን የሚስልበት ፎንት እንደሌለው ነው፤ ጽሑፉ በቦታው አለ።

በቅድሚያ የግዕዝ ፊደላትን የያዘ ፎንት መጫን ያስፈልጋል። አቢሲኒካ ኤስአይኤል እና ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ ያለክፍያ የሚገኙ ናቸው። ከተጫኑ በኋላ ተርሚናሉ ተዘግቶ እንደገና ይከፈታል። ብዙውን ጊዜ ችግሩ በዚህ ይፈታል፤ ተርሚናሉ በራሱ ፎንት ያላገኘውን ፊደል ከሌላ ፎንት ይዋሳልና።

የተርሚናሉን መደበኛ ፎንት መለወጥ የሚፈልግ ተጠቃሚ፣ በጂኖም ተርሚናል «ፕሪፈረንስስ» የሚለውን ከፍቶ የሚሠራበትን ፕሮፋይል ይመርጣል፤ ከዚያም በ«ቴክስት» ገጽ «ከስተም ፎንት» የሚለው ላይ ምልክት አድርጎ ፎንቱንና መጠኑን ይወስናል። ተርሚናል ፊደላትን በእኩል ስፋት ስለሚደረድር፣ ለመጽሐፍ የተዘጋጀን ፎንት ዋና ፎንት ማድረግ አይመከርም። «ሞኖስፔስ» የተባለውን እንዳለ ትቶ መጠኑን ከፍ ማድረግ ይሻላል። ይህ የውበት ጉዳይ አይደለም። «ሉ» እና «ሊ»፣ «ቡ» እና «ቢ» የሚለያዩት በአንዲት ጭረት አቀማመጥ ነው፤ ፊደሉ ሲያንስ ልዩነቱ አይታይም። በማመልከቻ ላይ ያለ ስም በመታወቂያ ላይ ካለው በአንድ ፊደል ከተለየ ደግሞ ባለጉዳዩን ሊያመላልስ ይችላል።

ከዩኒኮድ በፊት በተሠሩ ፎንቶች የተጻፉ ሰነዶች ጉዳይ ግን የተለየ ነው። የኢትዮጵያ ፊደል ወደ ዩኒኮድ የገባው በ1999 እ.ኤ.አ. በወጣው 3.0 እትም ነው። ቀደምት ፎንቶች የአማርኛን ፊደል በላቲን ፊደላት ቁጥር ላይ ያስቀምጡ ስለነበር፣ እንዲህ ያለ ሰነድ በተርሚናል የሚታየው በሳጥን ሳይሆን በተዘበራረቁ የላቲን ፊደላትና ምልክቶች ነው። የተርሚናሉን ፎንት መለወጥ ይህን አያስተካክልም። ሰነዱ በመቀየሪያ ፕሮግራም ወደ ዩኒኮድ መለወጥ ወይም እንደገና መተየብ ይኖርበታል፤ ከዚያም ስም፣ የአባት ስም፣ የአያት ስምና ቁጥሮች ከታተመው ዋና ቅጂ ጋር ፊደል በፊደል ይመሳከራሉ።