የሻርኩ ሒሳብ በአማርኛ

ከትልልቆቹ ክፍል አንዱ ልጅ በቀደም «ቲቸር፣ ሒሳብ እኮ በአማርኛ አይሆንም» አለኝ። አባቱ ስለ ቤት ሥራው ሲጠይቁትም መልሱ ይኸው ነው አሉ። እልህ ያዘኝና በሚቀጥለው ቅዳሜ ከንባቡ በፊት አንድ ታሪክ ነገርኳቸው።

ኡምቤርቶ ዳንኮና የሚባል ጣሊያናዊ የእንስሳት ተመራማሪ የአድሪያቲክ ባሕር ወደቦችን የዓሣ ገበያ መዝገብ ያገላብጥ ነበር። ፊዩሜ ወደብ ላይ በ1914 እ.ኤ.አ. ከተሸጠው ዓሣ ሻርክና መሰሎቹ 12 በመቶ ያህል ነበሩ። በ1918 ግን 36 በመቶ ደረሱ። በጦርነቱ ጊዜ ዓሣ ማጥመድ ቀንሷል፤ ታዲያ ትንንሾቹም አብረው መብዛት አልነበረባቸውም? ለምን አዳኞቹ?

ጥያቄውን በኋላ አማቱ ለሆኑት ለሒሳብ ሊቁ ለቪቶ ቮልቴራ አቀረበ። (ለአማች የማይደረግ የለም!) እሳቸውም በ1926 መልሱን በሁለት ቀመሮች አወጡት። አሜሪካ ውስጥ አልፍሬድ ሎትካ ከአንድ ዓመት በፊት ለብቻው እዚያው ደርሶ ነበር።

ቀመሮቹን በአማርኛ ሰሌዳው ላይ ጻፍኩ፦ ትንሹ ዓሣ ሲበዛ ሻርኩ ይራባል፤ ሻርኩ ሲበዛ ትንሹ ዓሣ ያልቃል፤ ትንሹ ሲያልቅ ሻርኩ ይራባል። ክፍሉ ተንጫጫ፤ «ሁለት ጊዜ ጻፍሽው!» አሉኝ። የመጀመሪያው «ባ» ጠብቆ ይነበባል፣ ይዋለዳል ማለት ነው። ሁለተኛው ላልቶ ነው፣ ምግብ ያጣል። ሻርኩ ሲቀንስ ትንሹ ዓሣ ያገግምና ዙሩ እንደ አዲስ ይጀምራል። ያ ልጅ ግራፉን ራሱ ሣለው፤ ሁለት ማዕበል፣ የሻርኩ ትንሽ ዘግይቶ የሚከተል።

መረቡስ? በቮልቴራ ስሌት መጠነኛ ማጥመድ በአማካይ ትንንሾቹን ያበዛል፣ አዳኙን ይቀንሳል። መረቡ ሲቆም ይገለበጣል። እርግጥ እውነተኛው ባሕር ከሁለት ቀመር በላይ የተወሳሰበ ነው።

እናንተም ቤት ሞክሩት። 40 ሽምብራ ጠረጴዛ ላይ በትኑ፤ መዳፍ የምታክል ወረቀት ሻርክ ትሁን። በየዙሩ ለእያንዳንዱ ሻርክ አንድ ጊዜ ወረቀቷን ከላይ ልቀቁ። ከሥሯ የዋለው ተበላ። ሦስትና ከዚያ በላይ የበላ ሻርክ ሁለት ይሆናል፣ ያነሰ የበላ ይሞታል። የተረፈው ሽምብራ እጥፍ ይደረጋል። ሻርክ ካለቀ አንድ ከውጭ ይግባ። ልጃችሁ የየዙሩን ቁጥር ይጻፍ፣ ለምን ከፍ ዝቅ እንዳለም በአማርኛ ያስረዳችሁ። ሽምብራው ጥሬ ይሁን ታዲያ፤ ቆሎ ከሆነ ልጆቹ ራሳቸው ሻርክ ይሆናሉ።