በጀርባ የማይታየው ሸክም በሱዳናዊቷ ሠዓሊ ሸራ ላይ

እንስራ አዝላ ከወንዝ የምትመለስ፣ እንጨት ተሸክማ ዳገት የምትወጣ፣ ልጇን አዝላ እህል የምትወቅጥ ሴት በአፍሪካ ሥዕል ውስጥ ደጋግማ ትታያለች። በሥዕል መሸጫዎችና በሆቴል ግድግዳዎች ላይ ይህን መሰል ሥዕል ያላየ የከተማ ነዋሪ ጥቂት ነው። በአብዛኞቹ ሥዕሎች ሴቲቱ ከሸክሙ ሥር ሆና እንኳ ውብ ናት፤ ቀሚሷ ያሸበረቀ፣ አንገቷ የቀና ነው። በየማለዳው ውኃ የምትቀዳ እናት ሥዕሉን ብትመለከተው ግን የወገቧን ሕመም አታገኝበትም።

ሱዳናዊቷ ሠዓሊ ካማላ ኢብራሂም ኢስሐቅ ሌላ መንገድ መርጠዋል። የኦምዱርማን ተወላጅ የሆኑት ካማላ እ.ኤ.አ. በ1963 ከካርቱም የሥነ ጥበብ ኮሌጅ ተመርቀዋል፤ በኮሌጁ ከተማሩት የመጀመሪያዎቹ ሴቶችም አንዷ ናቸው። ከዚያም በለንደን ሮያል ኮሌጅ ኦፍ አርት ትምህርታቸውን ቀጥለዋል። በዘመኑ ስመ ጥር የነበሩ የሱዳን ወንድ ሠዓሊያን የዓረብኛ ፊደልንና የአፍሪካን ጌጣጌጥ አዋሕደው አገራዊ ሥዕል ለመፍጠር ይጥሩ ነበር። ካማላ ግን ባህልን የፈለጉት ከጌጡ ይልቅ ሴቶች ተሰባስበው በሚፈጽሙት የዛር ሥርዓት ውስጥ ነው።

ዛር ለኢትዮጵያዊ አንባቢ እንግዳ አይደለም። በሱዳንም ዛር ያዛት የተባለች ሴት በከበሮና በዕጣን መካከል ተቀምጣ መንፈሱ ይሻዋል የተባለውን ልብስ፣ ሽቶና ጌጥ ትጠይቃለች። የሃይማኖት መምህራን ልማዱን ያወግዙታል። ያጠኑት ምሁራን በበኩላቸው፣ በራሷ አንደበት ስትጠይቅ ሰሚ የማታገኝ ሴት በዛሩ አንደበት ስትናገር ባልና ቤተሰብ እንደሚያደምጧት አስተውለዋል። እንደ መንፈስ ካልሆነ በቀር ብሶቷን የማትናገር ሴት የተሸከመችው ነገር በእንስራ ሥዕል አይገለጽም።

ካማላ ፊት ለፊት የሳሉት ይህንኑ ነው። በሸራቸው ላይ ሴቶች ተጠጋግተው ይታያሉ፤ ፊታቸው የተጣመመ፣ ገጽታቸው የደበዘዘ ነው። ቁንጅና ፈልጎ የመጣ ተመልካች ቅር ይሰኝ ይሆናል፤ ሠዓሊዋም ሊያስደስቱት የተነሡ አይመስሉም።

እ.ኤ.አ. በ1976 ከሥራ ባልደረቦቻቸው ጋር «ክሪስታሊስት» የተባለውን የሥዕል እንቅስቃሴ መግለጫ አወጡ። መግለጫው ዓለምን ብርሃን በሚያሳልፍ የመስታወት ድንጋይ ይመስለዋል። በካማላ ሥዕሎች ውስጥ ይህ ሐሳብ ሴቶችን የያዘ ሳጥን ሆነ፤ ግድግዳው መስታወት በመሆኑ ሁሉም ያያቸዋል፣ እነርሱ ግን አይወጡም።

ሥራቸው በውጭ ዓለም ሰፊ ዕውቅና ያገኘው ዘግይቶ ነው። እ.ኤ.አ. በ2019 የኔዘርላንድስን የልዑል ክላውስ ዋና ሽልማት ተቀበሉ፤ በ2022 ደግሞ በለንደን ሰርፐንታይን የሥዕል ማሳያ ትልቅ ዐውደ ርእይ ቀረበላቸው። በኋለኞቹ ሥዕሎቻቸው ሴቶቹ ከዛፍና ከሐረግ ጋር ተጠላልፈው ይታያሉ፤ ቅጠሉ ከየት እንደሚጀምር፣ ሰውነታቸው የት ላይ እንደሚያበቃ መለየት ያስቸግራል።