ፍሪጅ ይዞ ድንበር መሻገር

ሞተርሆም መኝታ፣ ምድጃና ፍሪጅ ያለው መኪና ነው። ባለቤቱ ቤቱን ይዞ የሚዞር ስለሚመስለው ሲነሣ ፍሪጁን ይሞላል። ከእንግሊዝ ዶቨር ወደብ በመርከብ ወደ ፈረንሳይ ካሌ ለሚሻገር ግን ያ ፍሪጅ በጉምሩክ ዓይን ከሻንጣ አይለይም።

ብሪታንያ ከአውሮፓ ኅብረት ገበያ ከወጣችበት ከጃንዋሪ 2021 ወዲህ፣ ከዚያ የሚነሣ መንገደኛ ሥጋና የወተት ተዋጽኦ ይዞ ወደ ኅብረቱ አገሮች መግባት አይፈቀድለትም። «ትንሽ ናት»፣ «ለራሴ ነው»፣ «ከነማሸጊያው ነው» ማለት አያድንም። በዚያው ወር የሆላንድ ጉምሩኮች ከእንግሊዝ የመጣን ሹፌር የአሳማ ሥጋ ሳንድዊች ሲወርሱ በቴሌቪዥን ታየ። ሰውየው ዳቦውን እንኳ እንዲተዉለት ቢጠይቅ እሺ አላሉትም።

ነገሩ ያስቃል፤ ምክንያቱ ግን ቀልድ አይደለም። ሕጉ የተጨነቀው ለበላተኛው ሳይሆን ትራፊውን ለሚበላው እንስሳ ነው። የከብትና የአሳማ በሽታ አምጪ ቫይረሶች ሰውን ባይጎዱም በሥጋ ውስጥ ረጅም ጊዜ ይቆያሉ። ካምፕ አጠገብ የተጣለ ቁራጭ የዱር አሳማ አፍ ከገባ በሽታው መንገድ አገኘ ማለት ነው። በ2001 ብሪታንያን ያመሰው የአፍና የሰኮና በሽታ የጀመረው፣ ሳይቀቀል ለአሳማ ከተሰጠ የምግብ ትራፊ ሳይሆን እንደማይቀር ይታመናል፤ ከ6 ሚሊዮን በላይ እንስሳት እንዲታረዱ ተደረገ። ይህን ያየ ገበሬ በሳንድዊቹ መወረስ አይስቅም።

ታዲያ ምን ይሻገራል? ዳቦ፣ ብስኩት፣ ቸኮሌት፣ ሥጋ ያልገባበት ፓስታ ችግር የለባቸውም። ማር እስከ 2 ኪሎ፣ ዓሣ እስከ 20 ኪሎ ይፈቀዳል። የሕፃናት ዱቄት ወተትም እስከ 2 ኪሎ ያልፋል፤ ነገር ግን ከመከፈቱ በፊት ፍሪጅ የማይፈልግና በፋብሪካ ማሸጊያው ያለ መሆን አለበት። ትኩስ ፍራፍሬና አትክልት የዕፅዋት ጤና ማረጋገጫ ይጠየቅባቸዋል፤ ሙዝ፣ አናናስ፣ ኮኮናት፣ ቴምርና ዱሪያን ብቻ ነፃ ናቸው። ክልክል መሆናቸውን ሰው የሚረሳቸው ሁለት ነገሮች አሉ፦ ለሻይ የተያዘች ወተትና ሥጋ ያለበት የውሻ ምግብ። ለንደን ያለ ሐበሻ ስንቅ ሲቋጥር ቋንጣውን፣ ንጥር ቅቤውንና ዶሮ ወጡን ቤቱ ይተዋቸው። እንጀራና ቅቤ ያልነካው ሽሮ ይበቁታል፤ ትኩስ ቃሪያውን ካሌ ደርሶ ይገዛል።

እያንዳንዱ መኪና አይፈተሽም፤ ብዙ ሰው ሳይነካ ያልፋል። ግን ያለፈ ሁሉ ተፈቅዶለት አይደለም። የተያዘ ምግብ ካለ ሳይጠየቁ ማስረከብ ደብቆ ከመገኘት ይሻላል።

አንዴ ከተገባ በኋላ ከፈረንሳይ ወደ ስፔን ወይም ወደ ጣሊያን ሲታለፍ እንዲህ ያለ ጣጣ የለም። ስዊዘርላንድ ግን የኅብረቱ አባል አይደለችም፤ እዚያ ጥያቄው ከበሽታ ይልቅ የቀረጥ ነው። ከኅብረቱ አገሮች ሲገባ ለአንድ ሰው በቀን 1 ኪሎ ሥጋ ያለ ቀረጥ ያልፋል፤ ከዚያ በላይ ይከፈልበታል።

መመለሻው ብዙዎችን ያሳስታል። ድሮ የፈረንሳይ አይብ ጭኖ ወደ እንግሊዝ መመለስ የጉዞው ደስታ ነበር። በ2025 መጀመሪያ ጀርመን፣ ከዚያም ሃንጋሪና ስሎቫኪያ ውስጥ የአፍና የሰኮና በሽታ ሲገኝ፣ ብሪታንያ ከኤፕሪል 12 ቀን 2025 ጀምሮ መንገደኞች ከኅብረቱ አገሮች የከብት፣ የበግ፣ የፍየልና የአሳማ ሥጋ እንዲሁም የወተት ተዋጽኦ እንዳያስገቡ ከለከለች። እንግሊዝ ውስጥ ከባድ ጥፋት እስከ 5,000 ፓውንድ ያስቀጣል። እንዲህ ያለው እገዳ በሽታው ሲነሣ ይጠብቃል፣ ሲበርድ ይላላል፤ ስለዚህ በየጉዞው ዋዜማ የብሪታንያን መንግሥት ድረ ገጽ ማየት ያስፈልጋል። አይቡንም ካሌ ወደብ ሳይደርሱ በልቶ መጨረስ ነው።