«ቁም!» የማይል መሣሪያ

ከአዲስ አበባ በአየር ጤና በኩል ሲወጡ ዓለም ገና ላይ መንገዱ ለሁለት ይከፈላል፤ አንዱ በሰበታ አድርጎ ወደ ጅማ፣ ሌላው ወደ ቡታጅራ። እዚያ መታጠፊያ ላይ የቆመ ፖሊስ መሣሪያ ቢያነሳ ፊቱን ያየ ሰው አይጠፋም። ከመተኮሱ በፊትም «ቁም! ፖሊስ ነኝ» ማለት ይጠበቅበታል። የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1990 ሀቫና ላይ ያወጣው መርህ ይህንኑ ይላል፤ ፖሊስ ማንነቱን አሳውቆ ያስጠንቅቅ፣ ለመግደል አልሞ የሚተኩሰውም ሕይወት ለማዳን ሌላ መንገድ ሲያጣ ብቻ ይሁን።

መሣሪያው ሮቦት ወይም ድሮን ላይ ሲጫንስ?

ሰኔ 30 ቀን 2008 ዓ.ም. ምሽት በአሜሪካዋ ዳላስ ከተማ አንድ ታጣቂ አምስት ፖሊሶችን ገድሎ ኮሌጅ ውስጥ መሸገ። ለሰዓታት የተደረገው ድርድር አልሰመረም። ፖሊሶቹ ቦምብ ለማምከን የተሠራውን ሮቦት አመጡ፤ በብረት ክንዱ ግማሽ ኪሎ ገደማ ሲ-ፎር ፈንጂ አስያዙት፤ ከርቀት እየነዱ ሰውየው ከተከለለበት ግድግዳ ጀርባ አስጠጉትና አፈነዱት። ሰውየው ሞተ፤ ሮቦቱ ክንዱ ከመጎዳቱ በቀር ተረፈ። የፖሊስ አዛዡ ዴቪድ ብራውን ሌላ አማራጭ አልነበረንም አሉ። እውነት ሊሆን ይችላል። የሚያሳስበው ለዚያ ሌሊት የተገኘው ዘዴ ነገ በማን ላይ እንደሚውል ነው።

በእኛ አገር የታጠቀ ድሮን የሚታወቀው በመከላከያ እጅ ነው። ይሁን እንጂ የፖሊስና የጦር ሠራዊት ሥራ ሲደበላለቅ አይተናል፤ የትግራይ ጦርነት በ2013 ዓ.ም. ሲጀመር መንግሥት ሕግ የማስከበር ዘመቻ ነው ብሎ ነበር። ታኅሣሥ 29 ቀን 2014 ዓ.ም.፣ በገና ዕለት፣ ደደቢት ባለው የተፈናቃዮች መጠለያ ላይ የተፈጸመው የድሮን ጥቃት ቢያንስ 59 ሰዎችን እንደገደለ የተመድ የሰብዓዊ መብት ቢሮ ገልጿል። ጥቅምት 26 ቀን 2016 ዓ.ም. በአማራ ክልል ወደራ የሚገኝ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት በድሮን ተመትቶ ሦስት መምህራንን ጨምሮ ሰባት ሰዎች መሞታቸውን፣ በሦስተኛው ቀን ደግሞ መናኸሪያ ውስጥ አውቶቡስ ይጠብቁ የነበሩ 13 ሰዎች መገደላቸውን የደረሱትን መረጃዎች ጠቅሶ ያስታወቀው ይኸው ቢሮ ነው። አውቶቡስ የሚጠብቅ ሰው ላይ ጥቃቱ ከሰማይ ሲወርድበት «ቁም!» ያለው የለም። ተኳሹን ለይቶ የሚከስበት ፊትም አላየም።

ድሮን ራሱ ክፉ ነው ማለት አይደለም። ጎርፍ የከበበውን ሰው ይፈልጋል፣ ወደ ሱሉልታ የሚወስደው መንገድ ሲዘጋ ከላይ ያሳያል። ሮቦትም ፈንጂ አምካኙን ከሞት ያተርፋል። መሣሪያ የሚሸከም ሲሆን ግን ነገሩ ይለያል፤ ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 15 ላይ ለሕይወት የሰጠውን ጥበቃ የሚያህል ጥብቅ ሕግ ያስፈልገዋል። የሰርግ ቪዲዮ አንሺ እንኳ ድሮን ከውጭ ለማስገባት የኢንፎርሜሽን መረብ ደኅንነት አስተዳደርን (ኢንሳን) ፈቃድ ይጠየቃል።

የሳን ፍራንሲስኮ ከተማ ምክር ቤት ኅዳር 20 ቀን 2015 ዓ.ም. ፖሊስ በሮቦት እንዲገድል 8 ለ 3 በሆነ ድምፅ ፈቅዶ ነበር። ነዋሪው በተቃውሞ ተነሳ፤ በሳምንቱ ምክር ቤቱ ውሳኔውን ሻረ። ነገሩ አደባባይ የወጣው የካሊፎርኒያ ሕግ ፖሊስ በእጁ ያለውን ወታደራዊ ዕቃ ዘርዝሮ ለተመራጮች እንዲያቀርብ ስለሚያስገድድ ነው። ሰበታን፣ ቡራዩንና ሱሉልታን አጣምሮ የተመሠረተው ሸገር ከተማም ምክር ቤት አለው፤ እንዲህ ያለው ዝርዝር ዕቃው ከመገዛቱ በፊት እዚያ ጠረጴዛ ላይ ሊቀርብ ይገባል።