ኤልደን ሪንግ፦ እየገደለ የሚያስተምር ጌም

ማርጊት የተባለው ባለቀንድ ቦስ ስንቴ እንደገደለኝ መቁጠር ካቆምኩ ቆየሁ። «ቀለል ወዳለው ቀይረው» አለኝ ጓደኛዬ። ምን ዋጋ አለው፣ ኤልደን ሪንግ የክብደት መምረጫ የለውም! ስትሞቱ የሰበሰባችሁት ሩን መሬት ላይ ይቀራል፤ ሳታነሱት ደግማችሁ ከሞታችሁ በቃ፣ ጠፋ።

በ2022 የወጣው ይህ የፍሮምሶፍትዌር ጌም ትልቁ ጥንካሬው ነፃነቱ ነው። አንዱ ቦስ ካስቸገራችሁ፣ ቶረንት በሚባለው ፈረስ ሌላ አገር ዞራችሁ ጠንክራችሁ ትመለሳላችሁ።

ድክመቱስ? ፖዝ ማድረጊያ ቁልፍ የለውም። እናቴ «ቡና ደረሰ» ስትለኝ ወይ እሷን አስቀይማለሁ ወይ እሞታለሁ። ማን ምን እንዳዘዛችሁ መዝግቦ የሚያስታውሳችሁም የለም። ወደ መጨረሻው ደግሞ ቦሶቹ ይደጋገማሉ።

ላጠፋው ስል ወደ ደቡብ፣ ወደ ዊፒንግ ፔኒንሱላ ወረድኩ። ስመለስ ማርጊት ወደቀ። ጀማሪ ከሆናችሁ፣ እልህ ሳትጋቡ መጀመሪያ እዚያ ሂዱ።