ዜማውን እንጂ ፊደሉን አታውቅም

ጥቅምት 2012 ላይ፣ ሚጣ አንደኛ ክፍል ከገባች ገና ሁለት ወር ሳይሞላት፣ አስተማሪዋ አስጠሩኝ። ልብስ ሰፊ ነኝ፤ ሽሮ ሜዳ አንዲት ጠባብ ሱቅ አለችኝ። ለሰርግ የተቀበልኩትን ጥልፍ ጥዬ ስሮጥ «ደግሞ ማንን ደብድባ ይሆን?» እያልኩ ነበር።

«የሚጣ እናት፣ ልጅሽ ፊደል አታውቅም» አሉኝ።

ተናደድኩ። ከ«ሀ» እስከ «ፐ» በዜማ ስታወርደው የግቢው ሰው ሁሉ የሚያጨበጭብላት ልጅ እኮ ነች! አስተማሪዋ አልተከራከሩኝም። ሚጣን ጠርተው ግድግዳው ላይ ካለው ገበታ «ሎ»ን በማስመሪያ ነኩ። ሚጣ ዝም አለች። ከዚያ ከንፈሯ ቀስ እያለ መንቀሳቀስ ጀመረ፤ ለ፣ ሉ፣ ሊ፣ ላ፣ ሌ፣ ል... «ሎ!» አለች በድል። «ሞ»ን ሲነኩ ደግሞ ከ«መ» ተነሳች።

«አየሽ? ዜማውን እንጂ ፊደሉን አታውቅም። እንዲህ እየቆጠረች አንድ ቃል እስክታነብ ይመሻል።»

33ቱ ፊደላት በሰባት በሰባት ሲዘረዘሩ 231 ይሆናሉ። ያን ሁሉ በቃል መወጣት አንድ ነገር ነው፤ የእያንዳንዱን መልክ ለይቶ ማወቅ ሌላ። እናቷ ሆኜ አብሬያት እያደርኩ ይህን አላየሁም። እሳቸው ክፍል 58 ልጆች ነበሩ፤ አማርኛውንም ሒሳቡንም የሚያስተምሩት ራሳቸው ናቸው። ከዚያ ሁሉ ጫጫታ መሀል የአንዲት ልጅ ከንፈር እንዴት እንደታያቸው እስከ ዛሬ ይገርመኛል።

መድኃኒቱ ከጫማ ካርቶን የተሠራ ነበር። ካርቶኑን በመቀስ ቆራርጠው፣ በየቁራጩ ላይ አንዳንድ ፊደል በማርከር ጽፈው፣ በፌስታል ላኩልኝ። «ማታ ማታ እንደ ካርታ በውዢና አንድ በአንድ አሳያት። በተርታ እንዳታስቀምጪ፣ አደራ!»

አባቴ ቄስ ትምህርት ቤት ያደጉ ሰው ናቸው። ምንጣፍ ላይ የተበተነውን ካርቶን አይተው ሳቁ። «ይኼማ አቡጊዳ ነው!» ለካስ በቄስ ትምህርት ቤት ሀሁ ካለቀ በኋላ ልጁን አቡጊዳ የሚያስቆጥሩት ለዚሁ ኖሯል። «አ» ግዕዝ፣ «ቡ» ካዕብ፣ «ጊ» ሣልስ፣ «ዳ» ራብዕ እያለ የለመደው ተራ ይፈርስበታል። ዜማው አልረዳ ሲለው በዓይኑ መለየት ግድ ይሆንበታል።

በመጋቢት በኮሮና ምክንያት ትምህርት ቤት ተዘጋ። ለአሥራ አምስት ቀን የተባለው ወራት ፈጀ። ሰርግም ቀረ፣ ሥራዬም ቀዘቀዘ፤ ከሚጣና ከካርቶኖቹ ጋር ተፋጠጥን። እውነቱን ልናገር፣ ገና ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ እጮህባት ነበር። ያውም አንድ ልጅ ይዤ! ያኔ ነው አስተማሪዋን በልቤ ይቅርታ የጠየቅኳቸው።

ነሐሴ ላይ ዘይት በዱቤ ልወስድ ሱቅ ይዣት ሄድኩ። እኔ ባለሱቁን እያባበልኩ ሳለ እሷ አንገቷን ቀና አድርጋ ከመደርደሪያው በላይ የተለጠፈውን ጽሑፍ ጮክ ብላ አነበበች፤ «ዱ-ቤ ዛ-ሬ የ-ለ-ም።» ዞር ብላም «እማዬ፣ ዱቤ ምንድን ነው?» አለችኝ። ባለሱቁ እስኪያነባ ሳቀ፤ ዘይቱንም ሰጠኝ። ከ«ደ» ተነስታ እንዳልቆጠረች ያስተዋልኩት ቤት ከገባሁ በኋላ ነው።

ትምህርት ቤት ሲከፈት ጥለቱን ራሴ የሠራሁትን ነጠላ ይዤላቸው ሄድኩ። ተቀበሉኝ፤ ትከሻቸው ላይ ጣል አድርገው መረቁኝ። ልወጣ ስል ግን ጠሩኝ። «የጫማ ካርቶን ካገኘሽ ደግሞ አምጪልኝ፤ ዘንድሮም የደረሰኝ አንደኛ ክፍል ነው።»

የዓለም መምህራን ቀን በፈረንጆቹ ኦክቶበር 5 ነው፤ በእኛ መስቀል ካለፈ ከሳምንት በኋላ ማለት ነው። ያን ቀን ትምህርት ቤት ብቅ የሚል ወላጅ እምብዛም አላየሁም። እኛ የምንታየው ሰኔ 30 ካርድ ሲሰጥ ነው፣ ያውም «ልጄ ለምን ደረጃ አልወጣም?» ብለን ለመሟገት። እኔም እንደዚያው ነበርኩ። አሁን ጎረቤቶቼ ለእንቁጣጣሽ ጫማ ሲገዙ ካርቶኑን እኔ ጋ ያስቀምጣሉ። እናንተም አትጣሉት፤ ለሰፈራችሁ አንደኛ ክፍል አስተማሪ ይድረስ።