እጅ የነገረውን መመዘን

(ድምፅ፦ በእንጨት ወለል ላይ የሚሄድ የእግር ኮቴ)

ተራኪ፦ እ.ኤ.አ. በ1899፣ በአሜሪካ ሚዙሪ ግዛት፣ ከርክስቪል ከተማ። ኦስቲዮፓቲ የተባለውን የእጅ ሕክምና የሚማር ዊልያም ጋርነር ሰዘርላንድ የተባለ ሰው አጥንቶቹ ተለያይተው ለእይታ የተቀመጠ የራስ ቅል ያያል። በጆሮ ግንድ አካባቢ ያሉት አጥንቶች የሚጋጠሙበት ጠርዝ የዓሣ ስንጥብ መሰለው። እንዲህ የተቀረጸ አጥንትማ ይንቀሳቀሳል ማለት ነው የሚል ሐሳብ መጣበት። ጭንቅላቱን በጠፍር እያሰረና እየጫነ በራሱ ላይ ሞከረው።

ሰዘርላንድ የተማረበት ትምህርት ቤት መሥራች ዶክተር አንድሩ ቴይለር ስቲል እ.ኤ.አ. በ1864 ሦስት ልጆችን በማጅራት ገትር ያጡ አባት ነበሩ። የዘመኑን መድኃኒት ተጠራጥረው ፊታቸውን ወደ እጅ ሕክምና አዞሩ፤ በአንድ ወቅትም ራሳቸውን «መብረቁ ወጌሻ» ብለው ያስተዋውቁ ነበር። ትምህርት ቤቱን የከፈቱት እ.ኤ.አ. በ1892 ነው። ዛሬ በአሜሪካ ከኦስቲዮፓቲ ኮሌጅ የሚመረቅ ሰው መድኃኒት የሚያዝ፣ ቀዶ ሕክምና የሚሠራ ሙሉ ሐኪም ነው።

(ሙዚቃ ከፍ ብሎ ዝቅ ይላል)

ተራኪ፦ ወደ ሰዘርላንድ እንመለስ። መጠየቁ የሚያስመሰግነው ነው። ነገር ግን ሞካሪውም ተሞካሪውም እሱ ራሱ ነበር። ሐሳቡ መጽሐፍ ሆነ፤ ከትውልድ ትውልድ ሲሰጥ የኖረ ትምህርትም ሆነ። ከብዙ ዓመታት በኋላ ተመራማሪዎች ሁለት ባለሙያዎች የአንድን ሰው ጭንቅላት ዳስሰው አለ የሚባለውን የአጥንቶቹን እንቅስቃሴ ምት እንዲቆጥሩ ሲያደርጉ ቁጥሮቹ አልተስማሙም።

ይህን ፈተና ለመሥራት ትልቅ ላቦራቶሪ አያስፈልግም። ተማሪዎች እርስ በርስ እየተዳሰሱ በሚለማመዱበት ክፍል ውስጥ ይሠራል፦ ሁለት ተማሪዎች አንድን ጀርባ በየተራ ይዳስሳሉ፣ ያገኙትን ሳይነጋገሩ ይጽፋሉ፣ ሦስተኛው ያመሳክራል። በዚህ ያለፈ ተማሪ የጣቱን ስሜት ከማመኑ በፊት ይመዝነዋል።

ትልልቆቹን ጥናቶች ለማንበብም ዓይኑ ይከፈታል። እ.ኤ.አ. በ2010 የታተመውን እንውሰድ። የኦስቲዮፓቲ የእጅ ሕክምና ሳንባ ምች ይዟቸው ሆስፒታል በገቡ 406 ሰዎች ላይ የተፈተነበት ነው። በየምድባቸው የተመደቡት ሁሉ ሲቆጠሩ ጉልህ ልዩነት አልታየም፤ ሕክምናውን በታቀደው መሠረት የወሰዱት ብቻ ተለይተው ሲቆጠሩ ግን የሆስፒታል ቆይታቸው አጥሮ ተገኘ። ሁለተኛውን ብቻ ነቅሶ የሚያወራ ሐኪም በሽተኛውን ያሳስታል። የመጀመሪያው ቆጠራ ለምን እንደሚቀድም የሚገባው፣ ትንሽም ብትሆን የራሱን ጥናት ቆጥሮ የሚያውቅ ነው።

(ድምፅ፦ የመማሪያ ክፍል ጫጫታ)

ተራኪ፦ እ.ኤ.አ. ከ2022 ጀምሮ በአሜሪካ የሕክምና ተማሪዎች የሚወስዱት የመጀመሪያው ደረጃ የፈቃድ ፈተና ውጤት «አለፈ» ወይም «ወደቀ» ብቻ ሆኗል። ለስፔሻሊቲ የሚወዳደር ተማሪ በዚህ ፈተና ነጥብ መለየት ሲያቅተው የምርምር ወረቀት ይደረድራል። ይህ ያሳስበናል፤ ለማመልከቻ ማሟያ ተብሎ የተጣደፈ ጥናት ከሰዘርላንድ ጠፍር አይሻልም። ተማሪው ጊዜ ይሰጠው፤ ስሌቱን የሚያርም አማካሪ ይመደብለት። «ለውጥ አላገኘንም» ብሎ የሚደመድም ወረቀቱም «አገኘን» ከሚለው እኩል ይቆጠርለት።